አሮጌ ቤት ሲታደስ፦ የቱ ይጠገን፣ የቱ ይቀየር?

አንድ ቀን የአንድ አሮጌ ቤት ሳሎን ግድግዳ ላይ እጄን አሳረፍኩ። ቤቱ ከታደሰ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። ቀለሙ ንጹሕ ነው፣ ልስኑም ልሙጥ። ከወለሉ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ግን ግድግዳው እዚህም እዚያም አበጥ አበጥ ብሏል። በጣቴ ጫን ሳደርገው የሲሚንቶ ልስኑ እንደ ቅርፊት ተላቀቀና የሰሃን ስፋት ያለው ቁራጭ እጄ ላይ ቀረ። ከጀርባው ያለው የድሮ ጡብ በጥፍር ይፋቃል። እርጥብ ነው። እርጥብ ጆንያ ጆንያ ይሸታል።

ባለቤቶቹ ገንዘብ አልሰሰቱም። ጥሩ ሲሚንቶ ገዝተዋል፣ ጎበዝ ለሳኝ ቀጥረዋል። ለሳኙም ሥራውን በደንብ ሠርቷል። ስህተቱ የተሠራው አሸዋው ሳይራገፍ በፊት ነው። ለዚያ ግድግዳ ሲሚንቶ አይሆነውም ነበር።

አሮጌ ቤት ሲታደስ የሚበላሸው አብዛኛው ነገር እንዲህ ነው። ይጠገን ወይስ ይቀየር? ይፈርስ ወይስ ይተው? የቱ ይቅደም? እነዚህን ቸኩለን እንወስናለን። እኔ በየምርጫው ፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ አዲሱ ከድሮው ጋር ተስማምቶ ይኖራል? አሮጌ ቤት ውሃውን የሚያስወጣበት፣ ክብደቱን የሚያሳርፍበት የራሱ መላ አለው። ይህን ሳናውቅ የምንጨምርበት ነገር ጥሩ ዕቃም ቢሆን ሊጎዳው ይችላል።

ኮርኒሱ ይቅደም ወይስ ጣሪያው?

ገንዘብ ሲያጥር ሰው የሚታየውን ያስቀድማል። አዲስ ሴራሚክ፣ አዲስ የኩሽና ቁም ሣጥን፣ አዲስ ኮርኒስ። ስሜቱ ይገባኛል፤ ስንት ዓመት ያስጠላንን ወለል ቶሎ መገላገል እንፈልጋለን። ግን ጣሪያው የሚያፈስ ከሆነ አዲሱ ኮርኒስ ዕድሜው እስከሚቀጥለው ዝናብ ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ? ቤትም ላይ እንዲሁ ነው። ስለዚህ ጣሪያ፣ አሸንዳ እና በቤቱ ዙሪያ ያለው መሬት ሁልጊዜ ይቅደሙ። እዚህ ላይ አላወላውልም።

ምርመራው ምንም ወጪ የለውም። ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይዛችሁ ቤቱን አንድ ዙር ዙሩት። አሸንዳው የት ላይ ይገነፍላል? መውረጃው ውሃውን የት ያፈሰዋል? ውሃው ከግድግዳው ይሸሻል ወይስ ግድግዳው ሥር ያቁራል? በአሮጌ ቤት ዙሪያ ብዙ ጊዜ ንጣፍ በንጣፍ ላይ ይደረባል። ከዓመታት በኋላ የውጭው መሬት ከቤቱ ወለል ጋር እኩል ይሆናል፣ አንዳንዴም ይበልጣል። የውጭው መሬት ከውስጡ ወለል ቢያንስ 15 ሴንቲሜትር ዝቅ ማለት አለበት። በውድ ኬሚካል ሊታከም የታሰበ ስንት ግድግዳ በአካፋ ብቻ ይድናል።

ጣሪያውስ ይጠገን ወይስ ይቀየር? ቆርቆሮው ጤነኛ ሆኖ የሚያፈሰው በምስማሩ ቀዳዳ ወይም ከግድግዳ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ከሆነ መጠገን ይበቃል። የምስማሩ ጎማ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ይሆናል። ዝገቱ ብዙ ቦታ በስቶ ከሆነ፣ ወይም አንዱን ስትደፍኑ ሌላው የሚከፈት ከሆነ ግን ቀይሩት። ኮርኒሱ ላይ እድፍ ያያችሁበት ቦታ ቀዳዳው በቀጥታ ከላዩ አለ ማለት እንዳልሆነ አትርሱ። ውሃ እንጨቱን ተከትሎ ሜትሮች ተጉዞ ሊንጠባጠብ ይችላል። ጣሪያው ሲከፈት የተሸካሚዎቹን እንጨቶች ጫፍ በካቻቢቴ ወጋ ወጋ አድርጉ። ካቻቢቴው ያለ ጉልበት ከገባ እንጨቱ በስብሷል ወይም ምስጥ ገብቶበታል። ያኔ በላዩ አዲስ ቆርቆሮ መምታት ትርፉ ድካም ነው።

ግድግዳው እርጥብ ከሆነ ደግሞ ውሃው ከየት እንደመጣ ሳታውቁ ምንም አትግዙ። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽጋችሁ ግድግዳው ላይ ለጥፉና ሁለት ቀን ጠብቁ። ጠብታው በክፍሉ በኩል ከታየ እርጥበቱ ከክፍሉ አየር የመጣ ነው፤ ከምግብ ማብሰያ፣ ከሻወር፣ ከትንፋሽ። መፍትሔውም አየር ማናፈስ ነው። ላስቲኩ በግድግዳው በኩል ካላበ ግን ውሃው ያለው ከግድግዳው ውስጥ ነው፤ ምንጩን ፈልጉ። ብዙ ሰው ለሁለቱም አንድ ዓይነት ውሃ የማያስገባ ቀለም ይገዛል። ለአንዱም አይሠራም።

ሲሚንቶ ወይስ ኖራ?

በአሮጌ ቤት ከሚሠሩ ስህተቶች እንደዚህኛው የሚያሳዝነኝ የለም፣ ምክንያቱም ሰዎቹ የሚሳሳቱት ቤቱን ለማጠንከር ብለው ነው።

ዛሬ የምናውቀው የፖርትላንድ ሲሚንቶ ስሙን ያገኘው ጆሴፍ አስፕዲን የተባለ እንግሊዛዊ በ1824 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የፈጠራ መብት ሲያስመዘግብ ነው። ከዚያ በኋላም በየቦታው እስኪዳረስ ረጅም ጊዜ ወስዷል። ስለዚህ በጣም አሮጌ ቤት ብዙ ጊዜ የተገነባው በኖራ ወይም በጭቃ ነው። እንዲህ ያለ ግድግዳ ውሃ ይጠጣል፣ መልሶም ይተፋል። ከመሬት የሚወጣው እርጥበት በኖራው መገጣጠሚያና በልስኑ በኩል ተንኖ ይወጣል። ግድግዳው መቶ ዓመት የቆመው እየተነፈሰ ነው።

ሲሚንቶ ጠንካራና ጥብቅ ነው። እንዲህ ያለው ግድግዳ ላይ ሲለሰን መውጫውን ይዘጋዋል። እርጥበቱ ወይ ወደ ላይ ይወጣል፣ ወይ በጡቡ በኩል መውጫ ይፈልጋል። አብሮት የሚመጣው ጨው ጡቡ ውስጥ ደርቆ ይጠጥራል፣ ፊቱንም ገፎ ይጥለዋል። በዚያ ላይ አሮጌ ግድግዳ በሙቀትና በብርድ ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳል። ኖራ አብሮት እሺ ይላል፤ ሲሚንቶ ግን ይሰነጠቃል። እንደ ፀጉር በቀጠነው ስንጥቅ የዝናብ ውሃ ይገባል። ገብቶ መውጣት ግን ያቅተዋል።

ለመምረጥ የሚረዳ ቀላል ሕግ አለ። መገጣጠሚያው ከሚያገጣጥመው ድንጋይ ወይም ጡብ ይልቅ ለስላሳ መሆን አለበት። አንዱ መጎዳቱ ካልቀረ መገጣጠሚያው ይጎዳ። እሱን መተካት ቀላል ነው፣ ጡቡን መተካት ግን ከባድ ነው።

የእናንተ ግድግዳ የትኛው ነው? ከማይታይ ጥግ ላይ ከመገጣጠሚያው ትንሽ በመሮ ቆንጥራችሁ በጣታችሁ እሹት። ቶሎ የሚፈረፈር፣ ነጣ ያለና ነጫጭ ፍንጣሪ ያለበት ከሆነ ኖራ ነው። ቡናማና ውሃ ሲነካው የሚሟሟ ከሆነ ጭቃ ነው። ግራጫ ሆኖ ምስማር እንኳ በቅጡ የማይጭረው ከሆነ ሲሚንቶ ነው።

ቤቱ ከብሎኬትና ከአርማታ የተሠራ ከሆነ ሲሚንቶ ቦታው ነው፤ ያለ ሐሳብ ተጠቀሙበት። ለኖራ ግድግዳ ግን አንድ እጅ ኖራና ሦስት እጅ አሸዋ የተለመደ መነሻ ነው። የግድግዳው ጡብ ወይም ድንጋይ በጣም ለስላሳ ካልሆነና የኖራ ባለሙያ ከጠፋ፣ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ ኖራና ዘጠኝ እጅ አሸዋ መሐል ላይ ያለ ምርጫ ነው። የጭቃ ግድግዳ ላይ ወንፊት ሽቦ ዘርግቶ በሲሚንቶ መለሰን ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው። ሽቦው ይዝጋል፣ ጭቃው ከኋላ ይሟሟል፣ ልስኑ ባዶ ልጥ ሆኖ ይቀራል። ጭድ የገባበት ጭቃና በላዩ የኖራ ቅብ ይሻለዋል።

ኖራም ጣጣ አለው፣ አልደብቅም። ይዘገያል። በቀጭኑ እየተደረበ፣ በየመሐሉ ቀናት እየተጠበቀ ነው የሚሠራው። ፀሐይ እንዳይመታው መሸፈንና እርጥብ ማድረግ ያስፈልጋል። ዓይን ውስጥ ከገባ ያቃጥላል፤ ያለ መነጽር አይሠራም። የቸኮለ ሰው ይናደዳል። ልስኑ ከተሳካ በኋላም በላዩ የዘይት ቀለም ከተቀባ ድካሙ ከንቱ ነው። አየር የሚያሳልፍ ቅብ መሆን አለበት።

ያ መጀመሪያ የነገርኳችሁ ሳሎን መጨረሻው ይህ ሆነ። የሲሚንቶ ልስኑ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ከፍታ ተነሣ። ውጭ ያለው አፈር ተቆፍሮ ዝቅ አለ። ግድግዳው ለወራት ራቁቱን ቆመ፤ ቤተሰቡ ይህን ነው ያልወደደው። ከዚያ በኖራ ተለሰነ። ባለፈው ስሄድ እንደገና እጄን አሳረፍኩበት። ደረቅ ነበር።

ስንጥቅ፦ ይሞላ ወይስ ይጠበቅ?

ስንጥቅ ስናይ ስቱኮ አንሥተን መድፈን ይቀናናል። ከመድፈን በፊት ግን ጠይቁ፦ ስንጥቁ ቆሟል ወይስ እየሄደ ነው? ጫፉ ላይ በእርሳስ አስምሩና ቀኑን ጻፉ። ስፋቱንም ለክታችሁ አጠገቡ ጻፉ። ከቻላችሁ ደረቁንም ዝናቡንም ወቅት አሳልፉት። ከአንድ ሚሊሜትር የቀጠነና ያልተለወጠ ከሆነ የልስን ነገር ነው፣ ሞልታችሁ ቀቡት።

ከመስኮት ጥግ ተነሥቶ ሰያፍ የሚሄድ፣ በጡብ መሐል እንደ ደረጃ የሚወርድ፣ ከ5 ሚሊሜትር የሰፋ ወይም እየሰፋ ያለ ስንጥቅ ሌላ ነገር ነው። በር መግጠም እምቢ ካለ፣ ግድግዳው ሆዱን ከነፋ መሀንዲስ ጥሩ። የሚንቀሳቀስ ስንጥቅ ስትደፍኑት ተመልሶ ይከፈታል። እናንተ ግን በመሐሉ ምን ያህል እንደሄደ የሚነግራችሁን ምልክት ሸፍናችኋል።

ሽቦና ቧንቧ፦ መቀጠል ወይስ አዲስ መዘርጋት?

ግድግዳው ከተከፈተ አዲስ ዘርጉ። ወጪው ያስፈራል፣ አውቃለሁ። ግን ከሽቦው ይልቅ ውዱ ግድግዳውን ከፍቶ መዝጋቱ ነው። እሱን ደግሞ አንዴ ከፍላችሁበታል።

በጣም አሮጌ ሽቦ ልባሱ ጎማና ጨርቅ ነው። ስታጥፉት እንደ ደረቅ ቅጠል ይፈረፈራል። እንዲህ ያለው ላይ ተጨማሪ ሶኬት መቀጠል አደጋ መጋበዝ ነው። ልባሱ ፕላስቲክ ከሆነ፣ የመሬት ሽቦ ካለውና ኤሌክትሪሺያን ለክቶ ጤነኛ ነው ካለ ግን መስመሩን ትቶ የብሬከሩን ሳጥን ብቻ መቀየር ያዋጣል። ያኔ ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ሲያመልጥ በቅጽበት የሚቆርጠውን፣ በ30 ሚሊአምፒር የሚሠራውን መከላከያ አስገቡ። በአሮጌ ቤት ላይ በትንሽ ወጪ ነፍስ የሚያድን ነገር ቢኖር ይህ ነው።

አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ብሬከር ቶሎ ቶሎ ስለሚወርድ በትልቅ ብሬከር አትተኩት። ብሬከሩ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ለመብራት የሚዘረጋ 1.5 ስኩዌር ሚሊሜትር ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ በ10 አምፒር ብሬከር ይጠበቃል፣ የሶኬቱ 2.5 ደግሞ በ16። ቀጭኑን ሽቦ በ32 አምፒር ብትጠብቁት ብሬከሩ ሳይወርድ በፊት ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ይግላል። ምድጃና የውሃ ማሞቂያ የራሳቸው ወፍራም መስመር ይኑራቸው።

ቧንቧን በተመለከተ አንድ ጊዜ ከግድግዳ የወጣ የድሮ ብረት ቧንቧ በመጋዝ ሲቆረጥ አይቻለሁ። ከውጭ አውራ ጣት ያክላል። ውስጡ ግን በዝገት ተሞልቶ የቀረው ቀዳዳ እርሳስ እንኳ አያስገባም። ጠዋት መጀመሪያ የሚወርደው ውሃ ከደፈረሰ፣ ሁለት ቧንቧ ሲከፈት አንዱ ከደከመ የእናንተም እንዲሁ ሳይሆን አይቀርም። ግማሹን በአዲስ ፕላስቲክ ቀይሮ ግማሹን መተው የሚያዋጣ ይመስላል። ነገር ግን የቀረው አሮጌ ቧንቧ በሌላ በኩል ሊያፈስ ይችላል። መዳብን ከዚንክ ቅብ ብረት ጋር በቀጥታ ማገናኘትም ብረቱን ቶሎ ያስበላዋል።

መታጠቢያ ቤት ላይ ሴራሚክ ከመለጠፉ በፊት ሁለት ነገር አስደርጉ። ቧንቧው በግፊት ይፈተሽ። ውሃ መከላከያ የተቀባው ወለል መውረጃው ተደፍኖ 24 ሰዓት ውሃ ይታቆርበት። ወለሉ በአንድ ሜትር ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲሜትር ወደ መውረጃው ያዘንብል። ግድግዳው ከመዘጋቱ በፊትም ሜትር አስደግፋችሁ ፎቶ አንሱ። ከዓመታት በኋላ ግድግዳ ስትበሱ ያ ፎቶ ያድናችኋል።

የእንጨት መስኮት ወይስ አሉሚኒየም?

እኔ ለእንጨቱ አዳላለሁ። የድሮ እንጨት ብዙ ጊዜ ቀስ ብሎ ካደገ ዛፍ የተሰነጠቀ፣ ጥቅጥቅ ያለ ነው። የሚበሰብሰው በአብዛኛው የታችኛው አግዳሚ ብቻ ነው። ጎበዝ አናጺ የበሰበሰውን ቆርጦ አዲስ እንጨት ይተክልበታል። ማስቲሹ ይታደሳል፣ ንፋስ የሚያስገባው ክፍተት ጎማ ይገባበታል፣ መስኮቱም ገና ብዙ ዓመት ይኖራል። ቋሚዎቹም ጭምር ከበሰበሱ፣ ወይም በየጊዜው የሚቀባ ሰው ከሌለ አሉሚኒየም ይሻላል። ያኔ ግን ቤቱ ስለሚታፈን አየር ማስገቢያ ይተውለት። ወለሉ ከሥሩ ባዶ የሆነ የጣውላ ወለል ከሆነም በውጭው ግድግዳ ግርጌ ያሉትን የአየር ቀዳዳዎች አትድፈኑ፤ አይጥ ካስቸገረ ወንፊት ግጠሙላቸው። ብዙ የጣውላ ወለል የበሰበሰው በተደፈነ ቀዳዳ ነው።

ግድግዳ ማፍረስ ወይስ በር ማስፋት?

ሰፊ ሳሎን ሁላችንም እንወዳለን። አንኳኩቶ «ይሄ ጭነት የለበትም» የሚል ሠራተኛ ግን አትመኑ። ድምፁ ስለ ልስኑ እንጂ ስለ ጭነቱ አይናገርም። መታየት ያለበት በላዩ ምን እንደተቀመጠ ነው፤ የጣሪያው እንጨት፣ የላይኛው ፎቅ ግድግዳ። አሮጌ ቤት ላይ ሌላም ጣጣ አለ። ሲሠራ መከፋፈያ ብቻ የነበረ ግድግዳ፣ በላዩ ያለው እንጨት ከዓመታት ብዛት ሲጎብጥ ተሸካሚ ሆኖ ይገኛል። ብዙ ጊዜ በሩን ማስፋት የምትፈልጉትን ብርሃን ይሰጣችኋል፣ ወጪውም ያነሰ ነው። ለእሱም ቢሆን ከበላዩ ተሸካሚ ያስፈልገዋል። ሙሉውን ማፍረስ ካለባችሁ መሀንዲስ አይቶ በወረቀት ያስፍርላችሁ።

አሮጌ ቀለም፦ መፋቅ ወይስ በላዩ መቀባት?

የድሮ የዘይት ቀለም ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖር ይችላል። አሜሪካ ለቤት በሚውል ቀለም ላይ ያገደችው በ1978 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ነው። ብናኙ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ቀለሙ ካልተላጠ በላዩ ቀቡበት። ከተላጠ በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት ወይም በማሽን አትፈግፍጉት። እያራሳችሁ ፋቁት፣ ወለሉንም በመጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ አጽዱ። ልጆችና እርጉዝ ሴቶች ሥራው እስኪያልቅ እዚያ ቤት አይደሩ።

አስቤስቶስ የተባለው ክር ክር ያለ ማዕድን ያለበት የጣሪያ ክዳን ወይም የቧንቧ ልባስ ካለም እንዲሁ ነው። ሳይሰበር ባለበት ከተተወ አደጋው ያነሰ ነው። መጋዝና መብሻ ሲነካው ነው ገዳይ ክሩ የሚበተነው። መነሣት ካለበት የሠለጠነ ሰው ያንሣው። በዚህ ገንዘብ አትቆጥቡ።

በአንዴ ወይስ በየተራ? በቁርጥ ዋጋ ወይስ በቀን ሂሳብ?

በአንዴ መሥራት በጠቅላላው ይረክሳል፣ አቧራውም አንዴ ያልፋል። ግን ሌላ የሚኖሩበት ቤት ይጠይቃል። በየተራ ከሆነ ቅደም ተከተሉ አይፋለስ፦ ጣሪያና ውሃ፣ ከዚያ መሠረትና ግድግዳ፣ ከዚያ ሽቦና ቧንቧ፣ ልስን፣ ወለል፣ መጨረሻ ቀለም። ያለችው መታጠቢያ ቤት አንድ ብቻ ከሆነች ደግሞ ሌላ መላ ሳታበጁ አታስነኳት።

የሥራውን መጠን አይቶ መገመት ሲቻል ቁርጥ ዋጋ ጥሩ ነው፤ ልስን፣ ሴራሚክ፣ ቀለም። ገና ያልተከፈተ ግድግዳ ላይ ቁርጥ ዋጋ የሚሰጥ ኮንትራክተር ግን ወይ አብዝቶ ይጨምራል፣ ወይ መሐል ላይ ይጣላችኋል። የመክፈቱንና የማፍረሱን ሥራ በቀን ሂሳብ አሠሩ፤ ከዚያ የታየውን ለቁርጥ ዋጋ አቅርቡ። ከምታስቡት ወጪ በላይ ከመቶ 15 እስከ 20 የሚሆን ለብቻ አስቀምጡ። አሮጌ ቤት ሲከፈት ያልጠበቃችሁት ነገር አይጠፋም፤ ሳይቃጠል በቅጠል የምትሉት በዚያች ገንዘብ ነው።

ክፍያው ሥራው በደረሰበት ልክ ይሁን፣ የሚጨመር ሥራም ከመጀመሩ በፊት ዋጋው ይጻፍ። የመጨረሻውን ድርሻ ደግሞ ቁልፍ በተረከባችሁበት ቀን አትክፈሉ። በውሉ ላይ ከጅምሩ ተስማሙበትና አንድ ሁለት ኃይለኛ ዝናብ ይጣል። ጃንጥላችሁን ይዛችሁ ቤቱን እንደገና ዙሩት፣ ከወለሉ አንድ ክንድ ከፍ ብላችሁም ግድግዳውን በእጃችሁ ዳስሱት።